የዞጲው አንገት

«ቀጭ!» አለ።

ሐረገ ወይን ጠፍሩን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ቀረች። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የጣሪያ ቆርቆሮ የጧት ፀሐይ ሲያገኘው ከሚያሰማው አይበልጥም። ግን የመጣው ከጣሪያው አልነበረም። በሁለቱ ሹል ብረቶች መካከል ተወጥሮ ከተያዘው ጥቁር እንጨት ነው የመጣው።

«ምን ሆንሽ? ሳቢ እንጂ!» አለ ወንድሟ ማሞ።

«አልሰማህም?»

«ምኑን?»

መስማቱን ታውቃለች። እሷ መሳቧን ከማቆሟ በፊት እሱ መሮውን ከእንጨቱ ላይ አንሥቶ ነበር።

የአባታቸው የአቶ አለሙ ማዞሪያ ሞተር የለውም፤ ለነገሩ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ያን ጊዜ ሞተር ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነበር። እንጨቱ ላይ የቆዳ ጠፍር ይጠመጠማል። አንዱ ተቀምጦ የጠፍሩን ጫፎች በቀኝና በግራ እየተፈራረቀ ይስባል፤ ሌላው በመሮ ይቀርጻል። እንጨቱ ወደ ቀራጩ ሲዞር መሮው ይነካል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ይነሣል። ሲመለስ የነካ እንደ ሆነ መሮው ይዘላል፣ እንጨቱም ይላጣል። ስለዚህ ሳቢና ቀራጭ አብረው መተንፈስ አለባቸው። ሐረገ ወይንና ማሞ በምግብ፣ በውሃ መቅዳት፣ ማን ቀድሞ ተናገረ በሚል ሲጣሉ የሚውሉ ልጆች ናቸው፤ ጠፍሩ መካከላቸው ሲገባ ግን አንድ ሰው ይሆናሉ። አባታቸው ይህን ሲያይ «ምነው ዕድሜ ልካችሁን ጠፍር ባሰርኩባችሁ!» ይል ነበር።

ማሞ እንጨቱን በጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረው። የተቀረጸው ነገር ስንዝር የሚያህል ትንሽ ዓምድ ነው፤ እግሩ ሰፋ ያለ፣ ወገቡ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ራሱ እንደገና ሰፍቶ ሸክም የሚቀበል። ወገቡ ከእግሩ በሚነሣበት ቦታ ላይ የፀጉር ክር የምታህል መስመር ታየች። ማሞ በአውራ ጣቱ ሸፈናት፤ ጣቱን ሲያነሣ ግን እዚያው ነበረች።

«ላይ ላዩን ነው» አለ።

«አባዬ ቢኖር...»

«አባዬ የለም!»

እውነቱን ነው። አቶ አለሙ ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ ስለ ተሰበረ፣ ሲማዳ ወገዳ ያለ ስመ ጥር ወጌሻ ዘንድ ሄዷል። እናታቸው ተዋበችም ልታስታምመው አብራው ናት። ቤቱም ሥራውም የቀረው ለሁለቱ ነው።

ዓምዱ የመቋሚያ አንገት ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ለመምህራቸው ለየኔታ ወልደ ሰንበት ለጥምቀት የሚሰጡት መቋሚያ ነው። ዘንጉ ወይራ፣ አንገቱና የሚያዝበት ራሱ ዞጲ የሚባለው የቆላ እንጨት። የኔታ በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ዜማ የተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬም የዚያን ደብር ነገር ማውራት ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! «ከውጭ ስታዪው እንደማንኛውም ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብለው ነበር ለሐረገ ወይን። «ከውስጡ ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጓል፤ ማዕዘኑ አራት፣ ድንጋዩ የተጠረበ፣ የጥንት። ዓምዶቹን ተደግፌ ነው ያደግሁ። አሁን ደግሞ ዓምዱ እኔን ይደግፈኝ። እንደዚያ አድርጋችሁ ሥሩልኝ።»

ቅርጹን የነደፈችው ሐረገ ወይን ነበረች። የስምንተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፏ ውስጥ የግሪኮች ቤተ መቅደስ ሥዕል አለ። የኔታ በእጃቸው በአየር ላይ የሣሉትን ከዚያ ጋር አስተያየችና በከሰል ግድግዳው ላይ ነደፈችው። ማሞ «የኔታን ግሪክ ልታደርጊያቸው ነው?» ብሎ ሳቀባት፤ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ዐይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

እንጨቱን ከመተማ ቆላ ያመጣው ነጋዴው አቶ ዳውድ ነው። እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ እስከ ልቡ ጥቁር የሆነ እንጨት ነው። አቶ ዳውድ ግንዲላውን ሲያስረክብ አቶ አለሙን እንዲህ ብሎት ነበር፤ «ይህ የቆላ ልጅ ነው። ብርዳችሁን ቀስ ብሎ ይልመድ። ጭድ ውስጥ ቅበረው፤ አታስቸኩለው።» አባታቸውም ወደ ወገዳ ሲነሣ የመጨረሻ ቃሉ ያው ነበር፤ ከገና በፊት ከጭዱ እንዳታወጡት።

ታዲያ ከገና በፊት ወሬ መጣ። ከጥምቀት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና አዲስ ምልመላ ሊደረግ ነው ተባለ። ማሞ በቅርቡ ዐሥራ ስምንት ይሞላዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ዳምጤ ባለፈው ዙር ሄዶ፣ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም፤ እናቱ መኪና በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች። ማሞ የዕደ ጥበብ ማኅበሩ ባለሙያ ሆኖ ቢቆጠር ይተዉት ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋ ብቻ ነው፤ የተጻፈ ነገር የለም። ለዚያም ቢሆን ከጥምቀት በፊት የሚታይ፣ በራሱ እጅ የተሠራ ነገር ያስፈልገው ነበር።

ዞጲውን ሲያወጡት ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ያኔ ነው ሐረገ ወይን ደገኛ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ያለችው፤ «ቆጥ ላይ እናውጣው።» ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ ሁሉ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ እየጠጣ አይደል የሚጠነክረው? ግንዲላውን ለሁለት ከፍለው ከነሞፈሩ ሰቀሉት። ቶሎ ደረቀ። ሁለቱም በብልሃታቸው ተደሰቱ።

አሁን ማሞ ሰም ፍም ላይ አለስልሶ ጥላሸት ቀላቀለበት። በአውራ ጣቱ ስንጥቁ ውስጥ አሸገው። ከዚያ በጨርቅ አሸ፣ አሸ፣ እንደገና አሸ። መስመሯ ጠፋች። ሐረገ ወይን እንጨቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ ፈለገቻት፤ አላገኘቻትም። ከስንጥቁ ይልቅ ይሄ አስፈራት።

«ስሚ፣ ሐረግ» አለ ማሞ፤ ድምፁ የተለመደው የታላቅ ወንድም ድምፅ አልነበረም። «ለማንም እንዳትተነፍሺ። ጥምቀትን ብቻ ይውላል። ከዚያ አባዬ ሲመጣ ሌላ እንሠራላቸዋለን። ለአንድ በዓል ነው።»

«ለአንድ በዓል» አለች እሷም። ስትለው እውነት መሰላት።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ዐይኗ ሰሌዳው ላይ፣ ልቧ ቆጡ ላይ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርተው በሦስተኛው ነው የተነሣችው። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቧ የምትቀመጠው ጦይባ፣ የነጋዴው የአቶ ዳውድ ልጅ፣ ከጠረጴዛው ሥር በክርኗ ጎሸመቻት።

«አንቺ፣ ምን ነክቶሻል? ፊትሽ የተቀቀለ ጎመን መስሏል» አለቻት ለዕረፍት ሲወጡ።

«እንቅልፍ አልተኛሁም።»

«መቋሚያው ነው? ደረሰ እንዴ? አቦ አሳዪኝ! አባቴ እኮ ስለ ዞጲው ሲጠይቀኝ ነው የሚውለው። የወለደው ልጁ ይመስል!»

«ደርሷል።»

«ጭድ ውስጥ አቆያችሁት አይደል?»

ሐረገ ወይን ጫማዋን አየች። «አዎ፣ ጭድ ውስጥ ነበር» አለች።

ውሸቱ ከአፏ የወጣበት ቅለት አስደነገጣት። ከጦይባ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የሌላዋን ጉድ ታውቃለች፤ ጦይባ ለፈተና መልስ ስታሳያት እንኳ «ይሄኛውን እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ የምታስጠነቅቅ ልጅ ናት።

«ጎሽ» አለች ጦይባ። «አባቴ ምን ይላል መሰለሽ፤ ዞጲ ጭስ ካገኘው ላዩ ይደርቅና ውስጡ ያለቅሳል። አንድ ጊዜ መተማ ላይ አንድ ሰውዬ የገበታ እግር ከሱ አሠርቶ፣ ምንም ሳይነካው፣ እንግዶች ቁጭ ባሉበት፣ ቋ! ወጡ ሁሉ ተደፋ!» ጦይባ ሳቀች። ሐረገ ወይንም ልትስቅ ሞከረች። ወጥ ቢደፋ ይጠረጋል፤ ሽማግሌ ቢወድቅ ግን?

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ገብረ ማርያም ሱቃቸው ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ሰማያዊ ካኪውን ለብሶ፣ የተገጣጠመውን መቋሚያ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ያገላብጣል። ማሞ ከጎኑ እንደ ተፈታኝ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«እሷ ሳበች፣ እኔ ቀረጽኩ።»

«አባትህስ?»

«አባዬ ወገዳ ነው፤ አላየውም።»

ጓድ ገብረ ማርያም የዓምዱን ወገብ በጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ሰሙ ላይ ደረሰ፤ አለፈ።

«ይኼ የፋሲል ግንብ ነው እንጂ እንጨት ነው እንዴ!» አለ። ከዚያ በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጓድ ገብረ ማርያም በስብሰባ ላይ ጮሆ የሚናገር ሰው ነው፤ ቁም ነገር ሲናገር ግን እንዲህ ዝቅ ያደርጋል። «ስማ፣ ልጄ። ቃል አልገባልህም። የበላይ ካለበት ቃል የሚገባ ሞኝ ነው። ግን የኔታ ለጥምቀት ይዘውት ሲወጡ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ‹ይህን ማን ሠራው› ይላል። ያኔ ‹የእኛ የማኅበሩ ባለሙያ ነው፣ ያስፈልገናል› ብዬ ለመናገር አፍ አገኛለሁ። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጓድ።»

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ማሞ ማዞሪያው አጠገብ ካለው ፍቅፋቂ ላይ ዝርግት ብሎ ተኛና ሳቀ። ከገና በፊት ጀምሮ ሲስቅ አልሰማችውም ነበር። ፍቅፋቂ በእፍኙ አፍሶ በትኖባት፣ «አየሽ? አየሽ፣ አንቺ ፈሪ?» አላት። ሐረገ ወይን ወንድሟን ወደደችው፤ ልቧ እስኪያማት ወደደችው። ጦይባ ስላወራችላት የገበታ እግር ልትነግረው አስባ ነበር፤ አልነገረችውም።

በነጋታው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ የኔታ ወልደ ሰንበት መጡ።

ደቀ መዛሙርቱ ሊወስዱላቸው ነበር የታሰበው። እሳቸው ግን እንደ ሕፃን መታገስ አቅቷቸው ብቻቸውን ወንዙን ተሻግረው መጡ፤ የነቀዘ አሮጌ ዱላቸውን እያንኳኩ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ማሞ መቋሚያውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሳሙት፤ ከዚያ በጣታቸው ያነቡት ጀመር።

«ይህ እግሩ... ይህ ወገቡ... ይህ ራሱ...» ጣታቸው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ቤተ ልሔም ገባሁ እኮ፣ ልጆቼ! ጓደኞቼ ሁሉ በዚያ ዓምድ ሥር ቆመው ታዩኝ። አብዛኞቹ ሞተዋል። እግዜር ይስጣችሁ።»

«አሜን፣ የኔታ» አለ ማሞ፤ ጆሮው ቀላ።

«እንዲያው ባይደርስ ምን እሆን ነበር? ባለፈው ጥምቀት አሮጌው መቋሚያዬ ከሥሬ ከዳኝና ወደቅሁ። ዳሌዬ እስካሁን አልዳነም። ወጌሻው ‹የኔታ፣ ሁለተኛ ከወደቁ አይነሡም› ብሎኛል። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ስንቆም እግሬ መች ይችለኛል? የምቆመው በዚህ ነው።» ራሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ባይሆንማ ደቀ መዛሙርቱ ቤት ቅር ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ተኝቼ ከምሞት ቆሜ ብሞት ይሻለኛል።»

ሐረገ ወይን ማሞን አየችው። ማሞ መሬቱን ያይ ነበር።

«የኔታ፣ ቆይተው ቢሄዱ?» አለች። «ማለቴ... እኔ ወንዙን ላሻግርዎት?»

«ተዪ፣ ልጄ። የመጣሁበትን መንገድ አላጣውም። ቁልቁለቱን በአሮጌው እወርዳለሁ፤ ዳገቱን ግን በአዲሱ ነው የምወጣው!» ሳቁ። አዲሱን መቋሚያ ትከሻቸው ላይ እንደ ጠመንጃ አጋድመው፣ አሮጌውን ዱላ እያስቀደሙ ወጡ።

ከሱቁ ደጅ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ድንጋያማ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው ዳገት አለ። ዳገቱ ግድግዳ የሚባል ዓይነት ነው፤ ጎልማሳም ቢሆን ዱላውን ተክሎ በሙሉ ሰውነቱ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው። ሐረገ ወይን በሩ ላይ ቆማ ነጭ ጋቢያቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየች።

«ዛሬ ነው የሚደገፉበት» አለች። «ለጥምቀት አይደለም። ዛሬ ነው።»

«ሰሙ ይዞታል።»

«ሰም እንጨት ይይዛል እንዴ?»

«ሐረግ፣ ተይኝ! ላይ ላዩን ነው አልኩሽ!»

ወደ ጓዳ ገባች። ቆጡ ላይ፣ ከሞፈሩ ጎን፣ የግንዲላው ሁለተኛ ግማሽ አሁንም ተቀምጧል። ከአንድ እንጨት የተከፈለ፣ አንድ ጭስ የጠጣ። አወረደችው። ማሞ ቀደም ሲል በማዞሪያው ላይ እጁን ለማሟሸት ወገቡን አቅጥኖት ነበር። ወደ ደጅ ይዛው ወጣችና በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋደመችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

መዳፎቿን መካከሉ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ምንም አልሆነም። በልቧ «ተመስገን» አለች፤ እውነቷን ነበር። እንጨቱ ስለ ቻላት እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን የኔታ ከእሷ ይከብዳሉ። እግሯን ከመሬት አነሣችና ሙሉ ሰውነቷን ለቀቀችበት።

ቋ!

ወደ ፊት ተደፋች፤ ጉልበቷ ድንጋዩን መታው። እንጨቱ ለሁለት ተሰብሮ ነበር። አንሥታ የተሰበረውን ፊት ወደ ማሞ አዞረችው። ጠርዙ ደርቆ አንጸባራቂ ነው፤ መሐሉ ግን የረጠበ አፈር መስሎ የፈዘዘ፣ በብዙ ትናንሽ ስንጥቆች የተበላ።

«ያኛው ከዚህ ይወፍራል» አለ ማሞ።

«ያኛው ይቀጥናል፣ ማሞ። አንተ ነህ ያቀጠንከው፤ እኔ ነኝ የሳብኩልህ።»

ማሞ ስባሪውን ተቀበላት። ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ትናንት ፍቅፋቂ ላይ ተኝቶ የሳቀው ልጅ ፊት አልነበረም።

«እኔስ?» አለ። «እኔስ፣ ሐረግ?»

ዳምጤ ታያት። መንገድ ዳር የምትቆመው እናቱ ታየቻት። ቁልቁለቱን የሚወርደው ነጭ ጋቢም ታያት። ሮጠች።

ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ከእግሯ ሥር እየተንከባለለ ቀደማት። ነጩ ጋቢ ወንዙ ዳር ደርሷል። ጥር ነውና ውሃው ቀጭን ነው፤ የኔታ መሻገሪያ ድንጋዮቹን በአሮጌው ዱላ እየዳሰሱ አንድ በአንድ አለፉ። ማዶ ሲደርሱ ቆሙ። አሮጌውን ዱላ፣ ውለታውን እንደሚያመሰግኑ ሁሉ፣ አንዴ መታ መታ አደረጉትና ወደ ድንጋዩ ወረወሩት። የነቀዘ ነውና ለሁለት ተሰብሮ ውሃው ወሰደው።

አዲሱን ከትከሻቸው አወረዱ። የወይራውን ጫፍ ከዳገቱ እግር ላይ ተከሉት። መዳፋቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

«የኔታ!» ጮኸች። «የኔታ፣ አይደገፉበት!»

ወደ ፊት ዘንበል ሊሉ የነበሩት ሽማግሌ ባሉበት ቀጥ አሉ። «ማን ነሽ?»

«ሐረገ ወይን ነኝ፣ የአለሙ ልጅ።» ውሃውን ረግጣ ተሻገረች፤ መሻገሪያውን ለመፈለግ ጊዜ አልነበራትም። «አይደገፉበት። አንገቱ ተሰንጥቋል። ያልታወቀዎት በሰም ስለ ተሞላ ነው።»

የኔታ መቋሚያውን ወደ ፊታቸው አቅርበው በአውራ ጣታቸው ጥፍር የዓምዱን ወገብ ቀስ ብለው ወረዱት። ከእግሩ በላይ ሲደርሱ ጥፍራቸው ቆመ። ትንሽ ጥቁር ሰም ተፈነቀለ።

«ማን ሞላው?»

«ጭስ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «አቶ ዳውድ ጭድ ውስጥ ብሎ ነበር፤ አባዬም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ቆጥ ላይ ይውጣ ያልኩት።»

«ማን ሞላው ነው እንጂ ማን አወጣው አላልኩሽም።»

ሊጠይቋት ይችላሉ፤ ሊቆጡ ይችላሉ፤ ይህን ግን ከእሷ አፍ አይሰሙም። የኔታም የዝምታዋን ትርጉም ሳያገኙት አልቀሩም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያስተማረ ሰው ማን ለማን እንደሚደብቅ ያውቃል።

«ቅርጹስ?» አሉ በመጨረሻ። «ቅርጹ የማን ነው?»

«ቅርጹ የማሞ ነው፣ የኔታ። ቅርጹ ውሸት የለበትም።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ጓድ ገብረ ማርያም እርስዎ ለጥምቀት ይዘውት ሲወጡ ሰው አይቶት... ማሞን እንዳይወስዱት...» አልጨረሰችውም።

ሽማግሌው ጣታቸውን እንደገና ከዓምዱ ላይ አሳረፉ፤ እግሩን፣ ወገቡን፣ ራሱን።

«እዚህ መምጣትሽን ማሞ ያውቃል?»

ሐረገ ወይን ዘወር ብላ ወደ ላይ አየች። ማሞ ከሱቁ ደጅ ወጥቶ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሟል። የዞጲው ስባሪ አሁንም በእጁ ነው። አልተከተላትም፤ ግን ስትሮጥ ስሟን ጠርቶ አላስቆማትም፣ ወደ ቤትም አልገባም።

«ያውቃል» አለች።

«እንግዲያ ወደ እሱ መልሽኝ። የምነግረው አለ፤ ቁጣ አይደለም።» መቋሚያውን አቀበሏት። «ይህን አንቺ ያዢው። ስንጥቁን እንዳትጫኚው፤ ቅርጹ ያሳዝናል። አሮጌውን ዱላዬን እንደሆነ ወንዙ ወስዶታል። ምን ልደገፍ ታዲያ?»

መቋሚያውን በብብቷ ያዘችና ከፊታቸው ቆመች። «ትከሻዬን ይያዙ፣ የኔታ።»

የሽማግሌው እጅ አየሩን ዳስሶ ትከሻዋን አገኘ። መጀመሪያ ቀለል አድርገው ነበር ያሳረፉት፤ ከመሻገሪያው የመጀመሪያ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ግን ሙሉ ሰውነታቸውን ጣሉባት። ካሰበችው በላይ ይከብዱ ነበር። ጉልበቷ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ቀጥ አለች። አፋፉ ላይ ማሞ ገና ቆሟል። ሁለቱ ውሃውን ተሻግረው ወደ ማሞ የሚያወጣውን ዳገት ቀስ እያሉ ጀመሩት።